ካሌክዬና የዶቃው ክር

ካሌክዬ ንዴት የማይለያት ሴት ናት። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከክፍሏ ጎን አስተምሬያለሁ። በእሷ ሦስተኛ ክፍልና በእኔ አራተኛ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ጣውላ ነው፤ እሱም ጣሪያው ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ስለዚህ «ኧረ በፈጠራችሁ!» ባለች ቁጥር እኔም ተማሪዎቼም እንሰማለን። ተማሪዎቼ እርስ በርስ ተያይተው ሳቃቸውን ይውጣሉ፤ እኔም ወደ ሰሌዳው ዞሬ የራሴን እውጣለሁ።

ትምህርት ቤታችን ከካንጉንዶ ገበያ በላይ፣ ማንጎው አልቆ ቡናው በሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። ነገሩ የጀመረው በንዱኩ ነው። ንዱኩ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍልን ትደግም ነበር። ሒሳብ በቃል ሲጠየቅ ማንም አይቀድማትም። መጽሐፍ ሲሰጣት ግን አንድ ዓይኗን በመዳፏ ትሸፍናለች፣ አንገቷን ታጣምማለች፣ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አንብባ ቀጣዩን ትዘለዋለች። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ግንባሯን ይዛ ትቀመጣለች።

«እጅሽን አውርጂ!» ይላል የካሌክዬ ድምፅ ከጣውላው ወዲያ። «ዓይንሽን ሰው ይሰርቅሻል?»

ልጅቱ ታወርዳለች። ንባቡም ወዲያው ይበላሻል።

ካሌክዬ ለእናትየው «ልጅሽ ሰነፍ ናት» ብላ ሁለት ጊዜ ነግራታለች፤ በዓመቱ ሪፖርት ላይም ጽፋዋለች። ይህን እኔ አላጋለጥኩባትም፤ ራሷ ናት ለሰው ሁሉ የምትናገረው።

በዚያ ዓመት የዓይን መርማሪዎች መጡ። የፊደል ሰሌዳቸውን ግንድ ላይ ሰቅለው፣ ስድስት ሜትር ለክተው፣ ልጆቹን አሰለፉ። ንዱኩ የመጨረሻዋን ትንሽ መስመር አንድ ሳትሳሳት ጠራቻት። «ይቺስ ጭልፊት ናት» አሉና ቀጣዩን ጠሩ። እናትየው ይህን ስትሰማ ነገሩ አለቀላት፤ ዓይን ደህና ከሆነ የቀረው ስንፍና ነው፣ ለስንፍና ደግሞ መድኃኒቱ ይታወቃል። በማግስቱ ንዱኩ ሽንጧ ላይ ሰንበር ይዛ መጣች።

ያንን ስታይ ነው ካሌክዬ ነገሩ ያልተዋጠላት። ልጅቱን በእረፍት ሰዓት ጠርታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቆጣ ጠየቀቻት።

«ለምንድነው ዓይንሽን የምትሸፍኚው?»

«አንዱን ስዘጋው ፊደሉ አርፎ ይቀመጣል።»

«ሳትዘጊውስ?»

«ይሄዳል።»

ካሌክዬ ከመቅጽበት ወደ እናትየው ቤት ወረደች። እናትየው ማሽላ እያበጠረች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ምዋሊሙ፣» አለች፣ እኛ ዘንድ መምህር እንደሚጠራው፣ «ዓይኗ ደህና ነው ተብሏልኮ። ደህና ዓይን ይዞ ሐኪም ቤት መሄድ ምን ይባላል?»

«ደህና ጆሮ ይዞ አለመስማትስ ምን ይባላል? ቅዳሜ ይዣት እሄዳለሁ። ልብስ አልብሻት፣ ሌላ አልጠየቅሁሽም።»

ቅዳሜ በማታቱ ሚኒባስ ማቻኮስ ከተማ ወረዱ። ክሊኒኩ ውስጥ ያገኙዋት ሙቴው የምትባል ወጣት የዓይን ባለሙያ ነበረች፤ ድምፅዋ ከመዝጊያው ሲጢጥታ አይበልጥም። እስክሪቢቶ አወጣችና ከልጅቱ ፊት ለፊት ይዛ ቀስ እያለች ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው የንዱኩ ግራ ዓይን ወደ ውጭ ሸሸ።

«አሁን ስንት እስክሪቢቶ ታያለሽ?»

«ሁለት።»

«መጽሐፍ ስታነቢስ?»

«ሁሉም ሁለት ሁለት ነው። ያን በደንብ የሚታየውን እመርጥና እሱን አነባለሁ።»

«ለምን ለመምህርትሽ አልነገርሽም?» አለች ካሌክዬ።

ንዱኩ ግራ ተጋብታ አየቻት። «ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያይ መስሎኝ።»

ሙቴው አስረዳቻቸው። ሩቅ ስናይ ሁለቱ ዓይኖች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ቅርብ ስናይ ግን ሁለቱም ወደ ውስጥ መዞር አለባቸው። የንዱኩ ዓይኖች ይህን ቶሎ ይደክማቸዋል። የግንዱ ላይ ሰሌዳ ሩቁን እንጂ ይህን አይለካም። መነጽር ሳይሆን ልምምድ ነው የሚያሻት። ሙቴው ክንድ ተኩል የሚሆን ክር አወጣች፤ ሦስት ዶቃዎች ተሰክተውበታል፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። አንዱ ጫፍ ከመዝጊያ ይታሰራል፣ ሌላው ጫፍ አፍንጫ ላይ ይያዛል። ልጅቱ አንዷን ዶቃ ታያለች፤ ዓይኖቿ ከተስማሙ ሁለት ክር መጥቶ ዶቃዋ ላይ ሲሻገር ይታያታል። ከዚያ ወደ ቅርቧ ዶቃ፣ ከዚያ ይበልጥ ወደ ቀረበችው። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ለአሥራ ሁለት ሳምንት።

ከመውጣታቸው በፊት ሙቴው በዚያች ትንሽ ድምፅዋ አንድ ነገር ጨመረች። «ምዋሊሙ፣ ይሄ ዓይናቸው ለማይስማማ ልጆች ነው። ማንበብ ላቃተው ሁሉ አይደለም። ፊደሉን ከድምፁ ማገናኘት የሚቸግረው ልጅ ዶቃ ሲያይ ቢያረጅም አያነብም።»

ካሌክዬ በደብተሯ ጻፈችው። በኋላ እንደነገረችኝ ግን፣ የሰማችው ግማሹን ነው።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራችው ራሷ ናት። አሥር ደቂቃ ጥሩ ከሆነ አርባ ደቂቃ የተሻለ ነው ብላ ሰኞ ዕለት ንዱኩን አርባ ደቂቃ አቆመቻት። ልጅቱ ተመልሳ ስትቀመጥ የበላችውን በቆሎና ባቄላ ሁሉ ደብተሯ ላይ መለሰችው። «ኧረ በፈጠራችሁ!» ሲል ሰማሁ ጣውላው። በዚያን ቀን የተቆጣችው በራሷ ላይ ነበር።

ከዚያ ክሩን ወደ ቤት ላከችው። በሦስተኛው ቀን አያትየው ክሩን ቆርጣ የተቀደደ ዘንቢል ሰፋችበት። ካሌክዬ የራሷ እናት ለዘንቢል ከምትፈትለው የቃጫ ክር ወስዳ አዲስ ሠራች። ከዚያኛው ደግሞ የንዱኩ ታናሽ እህት ቀዩን ዶቃ አውጥታ ጆሮዋ ውስጥ ከተተችው፤ ዶቃውን ለማስወጣት ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ሆነ። ሦስተኛው ጠፋ። የት እንደጠፋ ስትጠየቅ እናትየው «ክር ነውኮ ምዋሊሙ፣ ክር ይጠፋል» አለች።

«አንቺ የንዱኩ እናት፣ መድኃኒት ቢሆን ትጥዪው ነበር?»

«መድኃኒት ቢሆንማ ይመር ነበር።»

ካሌክዬ ከዚህ በኋላ ልምምዱን ትምህርት ቤት አደረገችው፣ በሻይ እረፍት፣ በክፍሏ መዝጊያ ላይ። ይህም የራሱን ጣጣ አመጣ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ሙቲሶ ረጅም ሰው ናቸው፤ ሲሄዱ ደግሞ ስልካቸው ላይ ጎንበስ ብለው ነው እንጂ ከፊታቸው ያለውን አያዩም። አንድ ቀን በዚያ በር ሲገቡ ክሩ አንገታቸው ላይ ጠልፎ ያዛቸው። ስልኩ ወደ አንድ በኩል፣ መነጽሩ ወደ ሌላ በኩል በረረ።

«ምንድነው ይሄ ወጥመድ?»

«የዓይን ልምምድ ነው፣ አቶ ሙቲሶ።»

«የእኔን ዓይን ሊያጠፋ ነበርኮ! ይህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የዓሣ መረብ? በትምህርት ሰዓት ጨዋታ አልፈቅድም።»

«የሻይ ሰዓት ነው።»

«በሻይ ሰዓት ሻይ ይጠጣል!»

ክሩን ወሰዱት። አራተኛው ክር ነበር። ካሌክዬ ሲመሽ አምስተኛውን ሠርታ ልምምዱን ወደ ክፍሉ ኋላ፣ ወደ መስኮቱ አዛወረችው።

ሰባት ሳምንት አለፈ፤ ምንም የለም። «ሞኝ ሆኛለሁ መሰለኝ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሻይዋን ሳትጠጣ ይዛ። «ልጅቱን ዶቃ ላይ አስፈጥጬ አዋልኳት። እናቷ እውነቷን ይሆን እንዴ?» እኔም ስኳር ጨመርኩላት።

በአሥረኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ማካፈል እያስተማርኩ ሳለ ከጣውላው ወዲያ አንዲት ልጅ ስታነብ ሰማሁ። ቀስ ብላ ነው፣ ግን አትቆምም፣ አትደግምም፣ አትዘልም። አንድ ገጽ ጨረሰች። ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ። ተማሪዎቼ ጠመኔው እጄ ላይ እንደቆመ አይተው እነሱም ጆሯቸውን ወደ ጣውላው ሰጡ።

«ለምን አቆምሽ?» አለ የካሌክዬ ድምፅ፤ ሸካራ ሆኖ። «ማን አቁሚ አለሽ? ቀጥይ እንጂ።»

ያን ቀን ከሥራ ስንወጣ ደስ ብሏት የማገኛት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እንደ ሁልጊዜው ተናዳ ነበር። «ሁለት ዓመት ሰነፍ ብያታለሁ» አለች። «በጽሑፍ። እናቷ የገረፈቻት በእኔ ጽሑፍ ነው።» በቀጥታ እነ ንዱኩ ቤት ሄዳ፣ በእናትየውና በአያትየው ፊት፣ ልጅቱን ይቅርታ ጠየቀቻት። ንዱኩ አፍራ ከጎተራው ኋላ ተደበቀች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ካሌክዬ ያን ዓመት በሰላም በጨረሰች። አቶ ሙቲሶ ግን ወሬው ደረሳቸው። ቢሯቸው አስጠርተው፣ የወሰዱትን ክር ከመሳቢያቸው አውጥተው እንደ ሜዳሊያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ምዋሊሙ፣ ይሄ ትልቅ ግኝት ነው። በንባብ የወደቁት ስልሳ ሦስት ልጆች ናቸው። ስልሳ ሦስት ክር ይሠራልን።»

«ሁሉንም በእስክሪቢቶ ፈትሼያቸዋለሁ። ዓይናቸው የሚሸሸው ሰባት ናቸው።»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩት ገሚሱ ቁርስ ሳይበሉ ይመጣሉ። ገሚሱ ቤታቸው ኪካምባ ይናገራሉ፣ እኛ በእንግሊዝኛ እናስነብባቸዋለን። ሌሎቹ ደግሞ ፊደል በቀላሉ የማይገባቸው ናቸው፤ እነሱ የሚያሻቸው የሚያስተምራቸው ሰው ነው።»

«ቢያደርጉት ምን ይጎዳቸዋል?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራት፤ ጊዜያቸውን ይበላል፣ እሱ ነው ጉዳቱ። ግን ደክሟት ነበር፣ ዝም አለች። ስልሳ ሦስቱም በሻይ እረፍት በየአጥሩ፣ በየመስኮቱ፣ በባንዲራው ምሰሶ ዙሪያ ክር ይዘው ይቆሙ ጀመር።

ከእነሱ አንዱ ማሉኪ ነበር፤ የአሸዋ መኪና የሚነዳው የኪሎንዞ ልጅ። ማሉኪ ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር፤ ዓይኑ እንከን የለውም። ፊደሎቹ ግን ከድምፃቸው ጋር አይጣበቁለትም። ዛሬ ያወቃት «ቢ» ነገ እንግዳ ናት። ካሌክዬ ከክሩ ሰልፍ አውጥታ በሻይ እረፍት ብቻውን ልታስተምረው ጀምራ ነበር፤ አባቱ ግን መጥቶ ተማጸናት።

«ምዋሊሙ፣ የንዱኩን ክር ለእሱም ይስጡልኝ።»

«የእሱ ዓይን ደህና ነው፣ ኪሎንዞ።»

«የንዱኩም ደህና ነው ተብሎ ነበርኮ።»

ሰጠችው። አራት ወር ሙሉ ማሉኪ ሊማርበት በሚችለው ሰዓት ዶቃ ሲያይ ዋለ። ሰባቱ ልጆች ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ተሻላቸው።

በዓመቱ ማብቂያ አቶ ሙቲሶ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ ጋበዙ። ድንኳን ተተከለ፣ ወላጅ ሁሉ ተጠራ። ስልሳ ሦስቱ ልጆች ክራቸውን ይዘው እየዘፈኑ ዶቃ አዩ። ቀጥሎ ምሳሌ የሚሆን አንድ ልጅ እንዲያነብ ተጠራ፤ አቶ ሙቲሶ የመረጡት ማሉኪን ነበር። ለዝግጅቱ በተለማመዱ ዕለት ያለ አንዳች መደናቀፍ ሲያነብ ሰምተውት ነበርና።

ማሉኪ ቆሞ የጅቡንና የጥንቸሏን ተረት አነበበ። ድምፁ ደስ ይላል። በጅቡ ድምፅ ሲያስፈራራ፣ በጥንቸሏ ድምፅ ሲለማመጥ ሰው ሳቀ። ኪሎንዞ ከኋላ ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ ነበር። ማሉኪ ገጽ ገለጠ፤ ሁለት ገጾች ግን የማንጎ ጭማቂ አጣብቋቸው ኖሮ አብረው ተገለጡ። ፊቱ ያለው ሥዕል ከዛፍ ሥር የተኛ አንበሳ ነው፤ እሱ ግን ጥንቸሏ ጉድጓድ ውስጥ ስትወድቅ ማንበቡን ቀጠለ።

እኔም አየሁ። ካሌክዬን ዞሬ ሳያት ተነሥታለች።

«ማሉኪ፣ በቃ የኔ ልጅ። ተቀመጥ» አለች፤ ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ዞረች። «ይህ ልጅ መጽሐፉን በቃሉ ይዞታል። እንዲህ ያለ ማስታወስ እኔ የለኝም። ማንበብ ግን ገና አልቻለም፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው። የሚያሻው ዶቃ እንዳልሆነ እያወቅሁ አራት ወር ዶቃ አሳየሁት። ከነዚህ ልጆች ሃምሳ ስድስቱም እንደዚያው ናቸው።»

አቶ ሙቲሶ ሳሉ። ኃላፊዋ ብዕሯን ደብተሯ ላይ እንደያዘች ቀረች። ማሉኪ መጽሐፉን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ። አባቱ እያለፈ ካሌክዬ አጠገብ ቆመ። ሁልጊዜ «እርስዎ» ይላት የነበረ ሰው፣ «በሰው ፊት ልጄን አዋረድሽው» ብሏት ሄደ።

ለኃላፊዋ ለብቻዋ ልትነግራት ትችል እንደነበር ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። «አንቺ አሁን ነገርሽኝ፤ እኔ ከአፌ ሳይወጣ በፊት አውቄዋለሁ። ግን ያቺ ሴትዮ ጽፋ ሄዳ ቢሆን ኖሮ ማን ይመልሳት ነበር?» ይህን ስትል አለቀሰች፤ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

አቶ ሙቲሶ ሦስተኛ ክፍልን ወስደውባት የመጻሕፍት መጋዘኑንና የትምህርት ቤቱን የጎመን ቦታ ሰጧት። ማሉኪም ትምህርት መምጣት ተወ። ካሌክዬ ቤታቸው ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዳ «የሉም» ተባለች፤ የኪሎንዞ ባርኔጣ ግን በር ላይ ተሰቅሎ ይታያል። በሦስተኛው ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«እስኪመጣ እጠብቃለሁ» አለች ለባዶው በር። «ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። ሥራም የለኝም፤ ጎመን ነው የምጠብቀው።»

ኪሎንዞ ብዙ ቆይቶ ወጣ። ሳይቀመጥ፣ መንገዱን እያየ ተናገረ።

«እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ በቃሌ ነው የተማርኩት። ዛሬም የጭነት ወረቀት ሲሰጡኝ መነጽሬን ረሳሁ እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ዓይን ነው ስትሉ ደስ አለኝ፤ ዓይን ይድናላ።»

«ይሄም ይሻሻላል» አለችው ካሌክዬ። «ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ላክልኝ።»

ማሉኪ ወደ መጋዘኑ ይመጣ ጀመር። በኪካምባ ጀመሩ፤ በቀን አንድ ድምፅ፣ ከዚያ አይበልጥም። ድምፁን ይላል፣ አመድ ላይ በጣቱ ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ይጽፋል። በማግስቱ ረስቶት ሲመጣ ካሌክዬ በሯን ዘግታ ወደ ጎመኑ ትወጣለች፣ ለጎመኑ የምትለውን ብላ፣ ተመልሳ እንደ አዲስ ትጀምራለች። በልጁ ላይ ግን አንድ ቀን አልጮኸችም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ዛሬም ማሉኪ የሚያነበው ጣቱን አስደግፎ፣ በዝግታ ነው። ግን የማያውቀውን ገጽ ያነባል። የአባቱን የጭነት ወረቀትም እሱ ነው የሚያነብለት።

ካሌክዬ ጡረታ ከመውጣቷ በፊት ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ሰርኩላር መጣ፦ በንባብ የደከሙ ተማሪዎች በሙሉ በየቀኑ የዶቃ ልምምድ እንዲያደርጉ። ከዚያ ሁሉ በኋላ! አንብባ ስትጨርስ የጮኸችውን ጩኸት ጎመን ቦታ ሆኜ ሰማሁት። መልስ ጻፈች፣ ሦስት ገጽ። ዝም አሏት። ደግማ ጻፈች። በአምስተኛው ደብዳቤ ስለ ትጋቷ አመስግነው ስልሳ ክር እንድታቀርብላቸው ጠየቋት። ስድስተኛውን እኔ ነኝ የገለበጥኩላት፤ ንዴቱ ብዕር አላስይዝ ብሏት ነበር።

በአሥራ አንደኛው ደብዳቤ ሙቴው መጥታ በሁለት ትምህርት ቤቶች መምህራንን እንድታሠለጥን ተፈቀደላት፤ መጀመሪያ በእስክሪቢቶ እንዲፈትሹ፣ ዓይኑ ያልሸሸውን ልጅ ወደ ክር ሳይሆን ወደ ፊደል እንዲወስዱት። ንዱኩ አሁን ማቻኮስ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች። እኔ ሦስተኛ ክፍልን ተረክቤያለሁ። ካሌክዬ ደግሞ በሳምንት ሁለቴ ትደውልልኛለች።

«አሥራ አንድ ደብዳቤ፣ ሁለት ትምህርት ቤት!» ትለኛለች ሰላምታ ሳታስቀድም። «ሒሳብ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ፤ ለቀሩት አርባ ትምህርት ቤቶች ስንት ደብዳቤ ልጻፍ?»